ወረት ሲያልፍ ማን ይቀራል?

ባለፈው ሰሞን ሰፈራችን መብራት ሄደ። መብራት ሲሄድ የሚሆነው የታወቀ ነው። ሻማ ይፈለጋል፤ ክብሪቱ የት እንዳለ ማንም አያውቅም፤ የስልኩ ባትሪ ይቆጠባል፤ በመጨረሻ ሁሉም ተስፋ ቆርጦ ወደ ደጅ ይወጣል። እኛም ወጣን። ከተማው ሲጨልም ሰማዩ ምን ያህል ሞልቶ እንደሚታይ ረስተነው ነበርና አንገታችንን ቀና አድርገን ቆየን። ከመካከላችን አንዷ ድንገት "እዩዋት! ያቺ ኮከብ እየሄደች ነው" አለች። እውነትም ትሄዳለች። ድምፅ የላትም፤ እንደ አውሮፕላን ብልጭ ድርግም አትልም፤ ሰተት ብላ ግማሹን ሰማይ ካቋረጠች በኋላ ደብዝዛ ጠፋች። ሳተላይት ነበረች። "የማን ናት?" ብሎ የጠየቀ ሰው ነበር። መልስ የሰጠ ግን አልነበረም። "ኧረ ይሄኔ ባለቤቷም ረስቷታል" አለ አንዱ። ተሳቀ፤ መብራት መጣ፤ ሁላችንም ወደየቤታችን ገባን።

ቀልዱ ግን አብሮን ገባ። በነጋታው ተቀምጠን ስናገላብጥ ባለቤቶቻቸው የረሷቸው ሳተላይቶች በእርግጥም እንዳሉ አወቅን። ከባለቤቶቻቸው አብልጠው የሚያስታውሷቸው ሰዎች እንዳሉም አወቅን። የዛሬው ጽሑፋችን ስለእነዚህ ሰዎች ነው። ስለእኛም ነው፤ ወደዚያ እንመጣለን። (ዓ.ም. ብለን ካልጻፍን በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስፑትኒክን ሁሉም ያውቃል

መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም.፣ ፈረንጆቹ ኦክቶበር 4 ቀን 1957 በሚሉት ዕለት፣ ሶቪየት ኅብረት 83.6 ኪሎ የምትመዝን ድቡልቡል ነገር ወደ ሰማይ ላከች። ስፑትኒክ ናት። "ቢፕ ቢፕ" እያለች ሦስት ሳምንት ያህል ጮኸች። ባትሪዋ አለቀ። በተመጠቀች በሦስት ወሯ፣ በጃንዋሪ 1958፣ ወደ ምድር አየር ተመልሳ ገብታ ተቃጠለች። ላይካ የተባለችውን ውሻ የያዘችው ሁለተኛዋ ስፑትኒክም በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ተከተለቻት። የአሜሪካ የመጀመሪያዋ ኤክስፕሎረር 1 እስከ 1970 ቆይታ ወደቀች። ዛሬ ሦስቱም የሉም።

ታዲያ እስካሁን ላያችን ላይ ካሉት ሁሉ አሮጊቷ ማን ናት? ቫንጋርድ 1 ትባላለች። ከስፑትኒክ ጋር ሲነጻጸር ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ነው። የተመጠቀችው መጋቢት 8 ቀን 1950 ዓ.ም. (ማርች 17 ቀን 1958) ነው። ክብደቷ 1.5 ኪሎ ገደማ፣ ስፋቷ ከጫፍ ጫፍ 16.5 ሴንቲ ሜትር ነው። የሶቪየቱ መሪ ኒኪታ ክሩሽቼቭ "ግሬፕፍሩቷ ሳተላይት" እያሉ ቀልደውባታል። ቀልድ ያነሰባቸው አይመስሉም፤ ምክንያቱም ከእሷ በፊት ዲሴምበር 6 ቀን 1957 የተሞከረው የቫንጋርድ ሮኬት ሕዝብ በቴሌቪዥን እያየ፣ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ብድግ ብሎ በቆመበት ጋይቷል።

ይቺ የተቀለደባት ግሬፕፍሩት ግን ከፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሪክ በማመንጨት የሠራች የመጀመሪያዋ ሳተላይት ናት። በዚህም የተነሳ ስፑትኒክ ሦስት ሳምንት ስትናገር እሷ እስከ 1964 ድረስ ተናግራለች። ከዚያ በኋላ ዝም ብላለች። ዝም ብላ ግን ትዞራለች። በየ134 ደቂቃው ገደማ አንድ ዙር ትጨርሳለች፤ በቀን ከ10 ጊዜ በላይ ማለት ነው። ለምድር ስትቀርብ 650 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ስትርቅ ደግሞ 3,800 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትሆናለች። መንገዷ ከምድር ወገብ በስተሰሜንም ሆነ በስተደቡብ ከ34 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ይህ ማለት ለንደንና ሞስኮ አናት ላይ አትደርስም፤ አዲስ አበባ፣ ጎንደርና ሞያሌ አናት ላይ ግን ታልፋለች። እናቶቻችን ሳይወለዱ ጀምራ በላያችን ስትመላለስ የኖረች ናት። ከትንሽነቷ የተነሳ በዓይን አትታይም።

የምድር ቅርጽ ትክክለኛ ድቡልቡል አለመሆኑን፣ ወደ አንድ በኩል ጥቂት እንደ ፒር ፍሬ ጎበጥ ያለ መሆኑን ሊቃውንቱ በ1959 ያወቁት የእሷን መንገድ በመለካት ነው። በነበራት ከፍታ ያለው አየር ምን ያህል ስስ እንደሆነም ከእሷ ተምረዋል። ለዚህ ደግሞ የእሷ መናገር ግዴታ አልነበረም። የሚለካት ሰው መኖሩ በቂ ነበር። ይህችን ነጥብ ያዙልን።

እሷ ብቻዋን አይደለችም። ራሷን ወደ ላይ ያደረሳት የሮኬቱ የመጨረሻ ክፍል አብሯት ይዞራል። ቫንጋርድ 2 እና ኤክስፕሎረር 7 ከ1959፣ የአየር ጠባይ የምትከታተለው ቲሮስ 1 ከ1960፣ አትላንቲክን አሻግራ የቴሌቪዥን ሥርጭት ያስተላለፈችው ቴልስታር 1 ከ1962 ጀምሮ እዚያው ናቸው። ሁሉም ተመርቀዋል፤ ሁሉም በጋዜጣ የፊት ገጽ ወጥተዋል፤ ሁሉም ሥራቸውን ጨርሰዋል።

አማተር ማለት ስድብ አይደለም

እኛ አገር "የአማተር ሥራ" ሲባል ያልበሰለ፣ ግማሽ የቀረው ማለት ነው። ቃሉ በላቲን ሥሩ "ማፍቀር" ማለት ነው። ይሄ ሁሉ ታሪክ እስከ ዛሬ በሰው አፍ የቆየው ሳይከፈላቸው ነገሩን በወደዱ ሰዎች ነው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

ገና የመጀመሪያዋ ሳተላይት ሳትመጥቅ፣ በ1956፣ ፍሬድ ዊፕል የተባሉ የሥነ ፈለክ ሊቅ በአሜሪካው ስሚዝሶኒያን ተቋም ሥር "ሙንዋች" የሚባል እንቅስቃሴ ጀመሩ። አስተማሪ፣ ተማሪ፣ ነጋዴ፣ ጡረተኛ፣ ማንም ፈቃደኛ የሆነ ሰው በትንንሽ ቴሌስኮፕ ሰማይን እንዲጠብቅ ነው። አሠራሩን እንደ አጥር አስቡት። ሰዎቹ በሰሜንና በደቡብ አቅጣጫ ተሰልፈው ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ የራሱን ቁራጭ ሰማይ ይይዛል፤ ቁራጮቹ እርስ በርስ ትንሽ ይደራረባሉ። ሳተላይቷ በየትም ብታልፍ አንዱ ያያታል፤ ሰዓቱን ይመዘግባል። እንቅስቃሴው የተዘጋው በ1975 ነው። ሰዎቹ ግን ወደ ቤታቸው አልገቡም። ዛሬም በየአገሩ ሁለት የታወቁ ኮከቦች መካከል የምታልፈውን ነጥብ ጠብቀው፣ ሰዓት ይዘው፣ ቦታዋን ጽፈው ለጓደኞቻቸው የሚልኩ አሉ።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ትልቁ ትምህርት ያለው ግን እንግሊዝ አገር ኬተሪንግ በምትባል ከተማ ነው። ጄፍሪ ፔሪ የሚባሉ የፊዚክስ መምህር ከተማሪዎቻቸው ጋር ሆነው በቀላል የሬዲዮ መቀበያ የሶቪየት ሳተላይቶችን ያዳምጡ ነበር። በ1966 የአንዷ ሳተላይት መንገድ ከሚያውቁት ማምጠቂያ ጋር አልገጥም አላቸው። ቁጭ ብለው አሰሉ። ወደ ኋላ ሲስቡት ሶቪየቶች ለዓለም ያልነገሩት አዲስ የማምጠቂያ ጣቢያ ላይ አደረሳቸው፤ ፕሌሴትስክ። ሶቪየት ኅብረት የጣቢያውን መኖር በይፋ ያመነችው በ1983 ነው። እንግዲህ አንድ መምህርና ተማሪዎቹ ይፋዊውን ማረጋገጫ በ17 ዓመት ቀደሙት ማለት ነው። የስለላ ድርጅት አልነበራቸውም። የነበራቸው መዝገብ ነው። በየቀኑ ይጽፋሉ፤ በየቀኑ ስለሚጽፉ ያልተለመደው ነገር ሲመጣ ያውቁታል።

ሞተዋል የተባሉት ሲናገሩ

ኦስካር 7 የተባለችው ሳተላይት የተመጠቀችው በኖቬምበር 1974 ነው። የሠሯት የተለያዩ አገሮች የሬዲዮ አማተሮች ናቸው። ስድስት ዓመት ተኩል ከሠራች በኋላ በ1981 ባትሪዋ ተበላሸና ዝም አለች። ሞተች ተባለ። በጁን 2002 አንድ እንግሊዛዊ አማተር ሬዲዮውን ሲያዳምጥ የሞርስ ምልክት ሰማ። እሷ ነበረች። ነገሩ ተአምር አይደለም። ባትሪዋ ሲበላሽ እንደ ተነካካ ሽቦ ሆኖ የፀሐይ ኃይሉን ሁሉ እየዋጠ ነበር። ከዓመታት በኋላ ያው ባትሪ ጨርሶ ሲበጠስ ኃይሉ በቀጥታ ወደ መሣሪያዎቿ መግባት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ሲያገኛት ትነቃለች፤ የምድር ጥላ ውስጥ ስትገባ ትተኛለች። 21 ዓመት ሙታን መዝገብ ላይ የነበረች ማለት ናት።

በ1965 የተመጠቀችው ሌስ 1 ደግሞ ገና ሲጀመር የሽቦ አያያዝ ስህተት ስለነበረባት ወደታሰበላት ከፍታ ሳትደርስ እየተገለባበጠች ቀረች። በ1967 ዝም አለች። ከ45 ዓመት በላይ ቆይቶ እንግሊዝ አገር ኮርንዎል ውስጥ አንድ አማተር ድምፅዋን ሰማ። በተገለባበጠች ቁጥር የፀሐይ ሰሌዳዎቿን ራሷ ስለምትጋርዳቸው ድምፅዋ ከፍ ዝቅ ይላል፤ የሚያቃስት ሰው ይመስላል። የቅርብ ጊዜም አለ። የአሜሪካው የህዋ ድርጅት ናሳ በ2005 ድምፅዋ ጠፍቶበት ሥራዋ እንዳበቃ ያሳወቀውን ኢሜጅ የተባለች ሳተላይት በጃንዋሪ 2018 ያገኘው አንድ ካናዳ ያለ አማተር ነው። የሚፈልገው ሌላ ሳተላይት ነበር። ለናሳ ተነገረው፤ ናሳም አረጋገጠ።

እነዚህን ታሪኮች ስናነብ ያሳሰበን አንድ ነገር ነው። ሳተላይቶቹ የተናገሩት ሰው ባዳመጠበት ቀን ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊት ስንት ቀን ሲናገሩ እንደነበር ማን ያውቃል? "ሞተች" የሚለው ፍርድ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማዳመጥ በተተወበት ዕለት ነው።

ወረተኛው ማን ነው?

ጋዜጠኝነት ስንማር መጀመሪያ ከገቡን ነገሮች አንዱ ዜና ማለት አዲስ ነገር ማለት መሆኑ ነው። ትላንት የሆነው ዜና ሊሆን ይችላል። ከትላንት ወዲያ የሆነው እንደሁኔታው ይታያል። ባለፈው ዓመት የተመረቀ ነገር ዛሬ ምን ላይ እንዳለ መጠየቅ ግን ማንም እንደ ሥራ ቆጥሮ አላስተማረንም። እኛም አልጠየቅንም። መሠረተ ድንጋይ ሲቀመጥ ካሜራ አለ፤ ሪባን ሲቆረጥ ካሜራ አለ። የተመረቀው የውኃ ፓምፕ ሲቆም ካሜራ የለም። የትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ሲቆለፍ ካሜራ የለም። አበሻ ለዚህ ጠባይ የቆየ ስም አለው፤ ወረት ይለዋል።

ወደ ራሳችን እንምጣ ያልነው ይሄው ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ. 1 ከቻይና ታይዩዋን ማምጠቂያ ተነሳች። 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝን፣ ምድርን ፎቶ የምታነሳ ናት። እንጦጦ ላይ ተጨበጨበ። እኛ ያኔ ተማሪዎች ነበርን፤ ስልካችን ላይ ባንዲራና ሮኬት ሞልቶ ዋለ፤ እውነቱን ለመናገር ዓይናችን እንባ ያቀረረም ነበርን። በዓመቱ ታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ሁለተኛዋ ተከተለች። ጭብጨባው ቀነሰ። ከዚያ በኋላስ? ውድ አንባቢያን፣ የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ስንት ፎቶ አንስታ ለየትኛው ገበሬ ወይም ለየትኛው መሥሪያ ቤት ምን እንደጠቀመች ከእናንተ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? የታቀደላት የሥራ ዘመን ሲያልቅ ምን እንደሆነችስ? ይህን የምንጠይቀው መሥሪያ ቤቱን ለመክሰስ አይደለም። እኛም ደውለን አልጠየቅንም። ልጅ ተወልዶ ገንፎ ከበላን በኋላ ስሙን እንኳ ሳንጠይቅ እንደቀረን ቁጠሩት።

ደግሞ ሰማይን መከታተል ለዚህ አገር ባዕድ አይደለም። እነስፑትኒክና ቫንጋርድ የተመጠቁት በ1957 እና 1958 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ስም ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የተቋቋመውም በዚያው እንቅስቃሴ ወቅት ነው። ሙንዋችን የጀመረው የስሚዝሶኒያን ተቋም ሳተላይቶችን ፎቶ ለማንሳት በዓለም ዙሪያ ከተከላቸው ቤከር ነን የሚባሉ ግዙፍ ካሜራዎች አንዱ ደግሞ በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የነበረው ደብረ ዘይት፣ ዛሬ ቢሾፍቱ በምንላት ከተማ ነው። አስቡት፤ ሆራ ሐይቅ አጠገብ ሌሊት ሰው ቁጭ ብሎ የሰማይ መንገደኛ ይቆጥር ነበር። እኛ ይህን ያወቅነው በዚህ ሰሞን ነው። ትምህርት ቤት የነገረን የለም።

አውርደን ሙዚየም እናስገባት?

አሁን ክርክር የተነሳባት ቫንጋርድ 1 ናት። በ2025 መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ መሐንዲሶችና የታሪክ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ቀርቦ ነበር። ወደ ላይ ሄደን እናምጣት፣ በዚህ ሁሉ ዓመት ብረቷ ምን እንደሆነ እንመርምር፣ ከዚያም ሙዚየም ትቀመጥ የሚል ሐሳብ ነው። ሐሳቡ ቀላል አይደለም። ህዋ ውስጥ ከ67 ዓመት በላይ የቆየ ብረት ምን እንደሚመስል ማወቅ ትልቅ ጥቅም አለው። በሌላ ወገን ደግሞ እንደ አውስትራሊያዊቷ አርኪዮሎጂስት አሊስ ጎርማን ያሉ ሰዎች ቀደምት ሳተላይቶች ቅርስ መሆናቸውን፣ የቅርስ ክብሩም ካለበት ቦታ ጋር የተያያዘ መሆኑን ሲከራከሩ ቆይተዋል።

ሦስተኛ ወገንም አለ። "ሰማዩ ቆሻሻ ሞልቶበታል፣ ምን ቅርስ ትላላችሁ፣ ጥረጉት" የሚል። ይህ ወገን ቀልደኛ አይደለም። በፌብሩዋሪ 2009 የሞተች የሩሲያ ሳተላይትና በሥራ ላይ የነበረች የአሜሪካ ኩባንያ ሳተላይት ተጋጭተው ብዙ ሺህ ቁርጥራጭ ሆነዋል። የሞተ ነገር የቆመውን ይገድላል። የጅምላው ብረት፣ በተለይ በተጨናነቀው ከፍታ ያሉት ትልልቅ የሮኬት ቀፎዎች መውረድ አለባቸው ብንባል እንስማማለን።

ስለ ቫንጋርድ 1 ግን የእኛ አቋም ትቆይ ነው። አንደኛ፣ 1.5 ኪሎ የምትመዝን፣ መንገዷ ከ67 ዓመት በላይ የተለካ ነገር ከማይታወቀው ይልቅ የሚታወቀው አደጋ ናት። ሁለተኛ፣ ወንድሟ ሙዚየም ገብቷል። በ1957 በቆመበት ከጋየው ሮኬት ላይ የወደቀችው ሳተላይት ዋሽንግተን በሚገኘው የአየርና የህዋ ሙዚየም እጅ ናት። ሦስተኛው ምክንያታችን ግን ከሁሉም ይበልጥብናል። ሙዚየም የገባ ዕቃ ጠባቂው ዘበኛው ነው። እኛ ቲኬት ቆርጠን አይተን እንወጣለን፤ ኃላፊነት የለብንም። ሰማይ ላይ ያለች ሳተላይት ግን የት እንዳለች የሚታወቀው ሰው ስለሚከታተላት ብቻ ነው። በወጉ ከተከታተሏት የልጅ ልጆቻችንም ያገኟታል፤ ሊቃውንቱ ካለ ምንም ችግር ገና 200 ዓመት ያህል ልትዞር እንደምትችል ገምተዋል። ካልተከታተሏት ካሉት ቁርጥራጮች አንዷ ትሆናለች። ስለዚህ እሷን እዚያ መተው ለእሷ ብለን የምናደርገው ውለታ አይመስለንም። ማስታወስን ሥራ አድርጎ የሚያቆይልን እሱ ነው።

"የዳቦ ዋጋ እንዲህ በሆነበት አገር ስለሞተች ሳተላይት ታወራላችሁ" የሚለን ሰው እንደሚኖር እናውቃለን። ልክ ነው። ነገር ግን የዳቦውንም ነገር ቢሆን ያበላሸብን ይኸው ጠባይ ነው። ዱቄት ፋብሪካው ሲመረቅ ነበርን፤ ሲቆም አልነበርንም። የኬተሪንግ ልጆች ያስተማሩን ነገር ሳተላይት ላይ ብቻ አይሠራም። አንድ ነገር ምረጥ፤ በየጊዜው ተመልከተው፤ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍ፤ ማንም ባይጠይቅህም ጻፍ። ያ መዝገብ አንድ ቀን ማንም የማያውቀውን ነገር ይነግርሃል።

መጀመር ለሚፈልግ ሰማዩ ራሱ ደህና ትምህርት ቤት ነው። አምስት ኪሎ ባለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የአማተር ሬዲዮ ክበብ ሲንቀሳቀስ ቆይቷል። የኮምፒውተር ጎን ላይ የምትሰካ ትንሽ መቀበያና አንድ ሽቦ ያለው ትምህርት ቤት ኦስካር 7 ስታልፍ ሊያዳምጣት ይችላል። ፀሐይ ላይ ከሆነች ትሰማለች።

እኛ ደግሞ ሁለት ነገር ወስነናል። የመጀመሪያው፣ ስለ ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ. 1 ስልክ አንስተን እንጠይቃለን፤ የተነገረንን ከነቀኑ እንጽፋለን፤ ካልተነገረንም ያንኑ ከነቀኑ እንጽፋለን። ሁለተኛው ቀላል ነው። በሚቀጥለው ጊዜ መብራት ሲሄድ ክብሪት ስንፈልግ አናመሽም። ደብተርና ሰዓት ይዘን እንወጣለን። ያቺ ኮከብ ስትመጣ በየት በኩል መጣች፣ በስንት ሰዓት አለፈች፣ የት ላይ ጠፋች ብለን እንጽፋለን። "የማን ናት?" ብሎ የጠየቀው ልጅ ሰፈር ውስጥ አለ፤ መልሱን እናደርስለታለን።